ካርቡሬተሩ ይቀየር ሲሏችሁ፣ እሺ ከማለታችሁ በፊት

ባለካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ ያለው) አሮጌ መኪና የምትነዱ ሁሉ፣ በተለይ ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። እኔ 14,500 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ ሳትከፍሉ እንድታውቁት ነው የምጽፈው።

መኪናዬ ዲኤክስ ናት። አባቴ ለብዙ ዓመት ነድቷት ለኔ የተወልኝ ቶዮታ ኮሮላ። እናቴ ደብረ ሲና ስለሆነች በየአሥራ አምስት ቀኑ እወርዳለሁ፤ እንግዲህ መሃል ላይ ያለውን የጣርማ በር ተራራ ደጋግሜ አቋርጣለሁ ማለት ነው።

ባለፈው ኅዳር መኪናዋ መጥፋት ጀመረች። ነዳጅ ስሰጣት ደህና ትሄዳለች። እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ፣ መታጠፊያ ላይ ስቀንስ፣ ወይም ገበያ መሃል ስቆም ድርግም ትላለች። ሳስነሳት ወዲያው ትነሳለች። ስለቃት እንደገና ትጠፋለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም አይሆናትም። ይህቺን "አንዳንድ ቀን" ያዙልኝ፤ የችግሩ ፍቺ እሷ ውስጥ ነበር፣ እኔ ግን አላስተዋልኩም።

አንድ ቅዳሜ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ጣሊያን ያሠራውን ዋሻ ወጥቼ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ስጀምር እግሬን አነሳሁ፣ ሞተሩ ጠፋ። ፍሬኑን አንድ ሁለቴ ስረግጠው ያዘልኝ። ሦስተኛው ላይ እንደ ድንጋይ ደነደነ። ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ከሞተሩ የሚመጣ የአየር ስበት ነው፤ ሞተሩ ከጠፋ የቀረችው ስበት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ትበቃለች። በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው ዳር ያስያዝኳት። የሚጠፋ ሞተር እዚህ አገር የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ጠፍቶባችሁ ፍሬኑ ገና ካልደነደነ፣ ደጋግማችሁ አትርገጡት። አንዴ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ዳር ውጡ።

በነጋታው ፈርቼ ጋራዥ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየት አየት አደረገ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። "ወንድሜ፣ ካርቡሬተሩ አልቋል። ቢታጠብም ዋጋ የለውም። ኦርጅናል አዲስ አለን" አለኝ። ዋጋው 15,000 ብር። አሮጌውን ብተውላቸው 2,500 ይቀነስልኛል፣ የእጅ 2,000። ሁሉም ሲደመር 14,500 ብር። ደረሰኝ ስጠይቅ "ከፈለግክ ቫት ይጨመርበታል" አሉኝ። ተውኩት። አሮጌውን ካርቡሬተርም በገዛ እጄ አስረከብኩ።

ሦስት ቀን አልጠፋችም። እኔም ደስ አለኝ። ግን ሚኒሞው፣ ማለትም እግሬን ስለቅ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ይጮህ ነበር። ቆማ እያለች የምትሄድ ነበር የምትመስለው። ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ድሮ በ20 ሊትር ደብረ ሲና ሁለት ጊዜ ደርሼ እመለስ ነበር። አሁን ያንን ያህል ሳልነዳ መርፌው ወለሉን ነካ። በአራተኛው ቀን ጫጫ ላይ እንደበፊቱ ድርግም አለች።

ስመለስ መጀመሪያ "ቤንዚኑ ነው" አሉኝ። ቀጥለው ደግሞ "ሞተሩ ራሱ ደክሟል፣ ቴስታታው መውረድ አለበት" አሉ፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው። እዚህ ላይ ነው የነቃሁት። አሮጌውን ካርቡሬተሬን መልሱልኝ ስላቸው ተሽጧል። አልቋል፣ ዋጋ የለውም ያሉኝ ዕቃ በአራት ቀን ውስጥ ገዢ አግኝቷል።

ነገሩን የፈታልኝ ደብረ ሲና ያሉ የአባቴ ወዳጅ፣ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ጠየቁኝ። "ልጄ፣ መቼ መቼ ነው የምትጠፋው? ስትሞቅ ነው ስትበርድ? ነዳጅ ስትሰጣት ነው ስትለቃት?" ስለቃት ብቻ ነው አልኳቸው። "ኮረኮንች ላይ ይብሳል?" አሉኝ። አሰብኩት። አዎ፣ ይብስ ነበር። ያ "አንዳንድ ቀን" ያልኩት አስፋልት ላይ ብቻ የዋልኩበት ቀን ነበር።

ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉን እንድከፍት አዘዙኝ። ካርቡሬተሩ ጎን ላይ የተጠመዘዘች፣ አንድ ሽቦ የገባባት፣ አውራ ጣት የምታክል የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለች። ሽቦዋን ነቅለው መልሰው ሲነኩ "ቀጭ" የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። አንዴ ይሰማል፣ አንዴ አይሰማም። የሽቦዋ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቷት ላልታ ነበር። በቢላ ፋቋት፣ በፒንሳ ጠበቅ አደረጓት። ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለሱት። አሥር ደቂቃ ፈጀ፤ 200 ብር ተቀበሉኝ፣ እሱንም በግድ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ ጠፍታ አታውቅም።

እንዴት እንደሆነ ያስረዱኝን ላስረዳችሁ፣ ይህን የገባው ሰው በቀላሉ አይታለልም። ካርቡሬተር ለቤንዚን ሁለት መንገድ አለው። ፔዳሉን ስትረግጡ በዋናው መንገድ ይመጣል። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ በሚኒሞ የሚኖረው በሌላ ቀጭን መንገድ ነው። ያቺ ቫልቭ የምትጠብቀው ይህን ቀጭን መንገድ ነው። ቁልፍ ሲከፈት ትከፍተዋለች፣ ሲዘጋ ትዘጋዋለች። መብራት ከተቋረጠባት ሞተሩ ሲረገጥ ይሠራል፣ ሲለቀቅ ይሞታል። ጋራዡ አዲሱን ካርቡሬተር ያገናኘው ከዚያችው ከላላች ሽቦ ጋር ነበር። ሦስት ቀን ያልጠፋችው ሚኒሞውን ስላስጮሁት ነው። ሚኒሞ ከፍ ሲደረግ የአየር በሩ ትንሽ ተከፍቶ ይቀርና ቤንዚኑ በሌላ ቀዳዳ ይገባል። ችግሩ ተሸፈነ እንጂ አልተፈታም። መኪናችሁ ከጋራዥ እየጮኸች ከወጣች፣ "ለምን ከፍ አደረጋችሁት?" ብላችሁ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ስትለቁ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ሌላው የተለመደ ምክንያቱ የተሰነጠቀ ወይም የወለቀ የቫኪዩም (የአየር ስበት) ጎማ ነው። "ሽሽ" የሚል ድምፅ ስሙ። እየሠራ ጎማዎቹንና የካርቡሬተሩን እግር በትንሽ ውሃ ርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። አንዳንዶች ለዚህ ቤንዚን ሲረጩ አይቻለሁ። እባካችሁ አታድርጉት፣ እሳት ነው።

እየሄዳችሁ፣ ነዳጅ እየሰጣችሁ የሚጠፋ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ የቤንዚን አጣሪውን እዩ። የታንኩን ክዳን ክፈቱ፤ አየር "ፉሽ" ብሎ ገብቶ መኪናው ከተነሳ፣ የታንኩ መተንፈሻ ተደፍኗል። ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዳችሁ ሙቀት ላይ ከጠፋ፣ ቤንዚኑ ፓምፑ ውስጥ ተንኖ ሊሆን ይችላል። የድሮ ሾፌሮች ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ሞቆ ጠፍቶ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎ የሚነሳ ከሆነ ቦቢናውንም (ለእሳቱ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ጠርጥሩ።

የቤንዚን ነው የኤሌክትሪክ የሚለውን ለመለየት አንድ ቀላል መንገድ አለ። እንደጠፋ የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሱና፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ውስጥ እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን በእጅ ሳቡ። ቀጭን ቤንዚን ከተረጨ ካርቡሬተሩ ጋር ቤንዚን ደርሷል ማለት ነው፤ ወደ እሳቱ ዕቃዎች ሂዱ፦ ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው)፣ ፑንቲና (እሳቱን በየጊዜው የሚቆርጠው) እና ቦቢና። ምንም ካልተረጨ ወደ ኋላ፣ ወደ ፓምፑና ወደ ታንኩ ሂዱ። ስታዩ ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገባችሁ አይቁም።

ጥቁሩ ጭስስ? እሱም መልስ አለው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ይበልጣል። እዚህ አየሩ ከባህር ጠረፉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ለወፍራሙ አየር በተመጠነለት ልክ ይሰጣል። ስለዚህ ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይወጣል። የአባቴ ካርቡሬተር ቤንዚን የሚመጥኑት ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎቹ ለዚህ ደጋ ተብለው የተመረጡ ነበሩ። እኚሁ ሽማግሌ ናቸው የመረጡለት። ያንን ዕቃ ነው በ2,500 ብር የሸጥኩት። አዲሱን ፈተው ሲያዩት ቀዳዳው ሰፊ ነው፣ የአየር በሩም አልገጥም ብሎ ይንቀጠቀጣል። ኦርጅናል የሚል ካርቶን ነበረው፤ ካርቶኑ ብቻ።

እንግዲህ ካርቡሬተር ይቀየር ከተባላችሁ፣ በምን እንዳወቁት በዓይናችሁ ያሳዩአችሁ። የቫልቯን "ቀጭ" አብራችሁ ስሙ። መጀመሪያ ይፈታ፣ ይታጠብ፣ ጉርኒሲዮኑ (በዕቃዎቹ መሃል የሚገባው ማሸጊያ) ይቀየር በሉ፤ ደህና አሮጌ ካርቡሬተር በዚህ ብዙ ዓመት ይኖራል። አሮጌውን ዕቃ በምንም ቅናሽ አትልቀቁ፣ አዲሱ ካልሠራ የምትመለሱበት እሱ ነው። ስትረከቡም ከከተማ ወጣ ብላችሁ ኮረኮንች ላይ ነድታችሁ፣ እየለቀቃችሁ፣ እየቆማችሁ ሞክሩ። ደረሰኝም ያዙ። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ ይህን ያስገድዳል። እኔ ቫቱን ሸሽቼ ማስረጃዬን ጣልኩ፣ አሁን የምሄድበት ቦታ የለኝም።

አንድ ልመና ብቻ ቀርቶኛል። ካለፈው ኅዳር ወዲህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ያገለገለ የዲኤክስ ካርቡሬተር የገዛችሁ ካላችሁ፣ ክዳኑን እዩልኝ። አባቴ በቀይ ቀለም ትንሽ መስቀል ሠርቶበታል። ከሆነ የከፈላችሁትን ከፍዬ፣ አዲሱን ጨምሬ እወስደዋለሁ።