ባርነስ ቲቲኤስኤክስ፦ ከመዳብ የተሠራ የአደን አረር
በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን የተከለከለ በመሆኑ፣ አጋዘንም ሆነ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ) ለሚያድን ሰው ባርነስ ቲቲኤስኤክስን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። አረሩ ሥጋ ውስጥ ሲገባ ጫፉ በአራት ቅጠል ይከፈታል እንጂ እንደ እርሳስ ስለማይበታተን፣ ክብደቱን እንደያዘ ጠልቆ ይገባል፤ ለገበታ የሚቀርበው ሥጋም ሆነ የተገደለውን እንስሳ ቅሪት የሚበላው ኮንዶር አሞራ ከእርሳስ መርዝ ይድናል፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። መዳብ ከእርሳስ ስለሚቀል እኩል ክብደት ያለው አረር ይረዝማል፤ ስለዚህ በ.308 ዊንቸስተር (የጠመንጃ ጥይት ዓይነት) 180 ግሬን (የአረር ክብደት መለኪያ) ይተኩሱ የነበሩ አዳኞች 150 ወይም 168 ግሬኑን ቢመርጡ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ አረሩም በሚገባ ይከፈታል። ርቀቱ በዝቶ ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን መከፈቱ ስለሚያጠራጥር፣ ቀረብ ብሎ መተኮስ ይሻላል። ዋጋው ከተለመደው አረር ይወደዳል።