ድሬ ላይ አንድ ሌሊት፦ ከነመኪናችን ያደርንበት ግቢ

ከአዲስ አበባ ጅጅጋ በመኪና ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ በተለይ ልጆችና አዛውንት የምትይዙ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

አምስት ነበርን። ባለቤቴ፣ እናቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እኔ። መኪናችን አባዱላ ናት። ባለቤቴ የኋላ ወንበሮቿን ፈትቶ ፍራሽ አነጠፈባት። ቡታጋዝ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃና የእናቴን ጀበና ጫንን። ወሩ ግንቦት ነው። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ተነስተን ጭሮ ምሳ በላን። ቁልቢ ገብርኤልን ተሳለምን። ደንገጎ ስንደርስ አስር ሰዓት ተኩል ሆነ።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ቀጥ ካላችሁ ሐረር ነው፤ ወደ ግራ ከታጠፋችሁ ቁልቁል ድሬ። ጅጅጋ ለሚሄድ ሰው ድሬ መውረድ መንገድ ማስረዘም ነው፤ በማግስቱ ያንኑ ዳገት መልሶ መውጣት አለ። ባለቤቴ ሐረር እንደር አለ። እናቴ ግን ሳታገባ በፊት በባቡር መጥታ አንድ ጊዜ ድሬን አይታታለች። «ጣቢያውን ሳላይ አላልፍም» አለች። ታጠፍን።

ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሳችሁ ውረዱ። እኛ ፊት የነበረ የጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ይሸት ነበር። እየወረድን ሹራብ አወለቅን፣ ከዚያ ካልሲ፣ ከዚያ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደርሶ ሐረር ሳይገባ የቀረው ለዚህ ነው፤ ያንን ተራራ ማውጣት ለሠሪዎቹ አልሆነላቸውም። ድሬም ባቡሩ ዙሪያ ከተማ ሆነች።

ያደርነው ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከአሮጌው ጣቢያ በእግር አስር ደቂቃ በማይሞላ ፔንሲዮን ነው። ለእናቴና ለሴት ልጄ አንድ ክፍል በ900 ብር ያዝን። ሌሎቻችን ግቢው ውስጥ መኪናችን ላይ አደርን፤ ለማቆሚያ 150 ብር ከፈልን።

ከክፍሉ ልጀምር፤ ቅር ያለኝ እሱ ነው። ኤሲ አለው ተብለን ነው 900 የከፈልነው። ኤሲው አልሠራም። ስንናገር ቬንትሌተር አመጡልን እንጂ ብር አልቀነሱም። የቧንቧ ውሃም አልነበረም፤ መታጠቢያ ቤት በርሜልና ጆግ አለ። በርሜሉ ሙሉና ንጹሕ ስለነበር እሱን አልፈዋለሁ። የኤሲው ነገር ግን ልክ አይደለም። ከመክፈላችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩ። አስር ደቂቃ ቁጭ በሉበት።

ግቢው ግን ሌላ ነገር ነው። መሐሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ሲመሻሽ ጥበቃው፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ፣ መሬቱን በባልዲ ውሃ ረጩት። ከዛፉ ሥር ያለው አየር ወዲያው ተለወጠ። «እርስዎ» ስላቸው ሳቁ። «እዚህ አንቱ የለም አቦ፤ አንተ በዪኝ» አሉኝ። አፌ እምቢ አለኝ፤ አሁንም ስጽፍ አንቱ እያልኩ ነው። እሳቸው ግን እናቴን በመጀመሪያው ደቂቃ «አንቺ፣ ነይ እዚህ አረፍ በይ» አሏት። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ደነገጠች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። ከአባቴ ሞት በኋላ አንቺ የሚላት ሰው ብዙም የለም።

ማታ ክፍሉ ውስጥ መተኛት አቃታት። ሽማግሌው ሳንጠይቃቸው አልጋዋን ወደ ደጅ አወጡላት፣ አጎበሩን ከቅርንጫፍ ላይ አሰሩላት። ድሬዎች በሙቀት ጊዜ እንዲህ ነው የሚተኙት። አጎበር የሌለበት ቦታ እንዳታድሩ። ከተማው ወባም ደንጊ የሚባለውን ትኩሳትም ያውቃል፤ የደንጊዋ ትንኝ ደግሞ ቀን ነው የምትናከሰው፤ ልጆቹን ቀንም የትንኝ መከላከያ ቅባት ቀቧቸው።

ጠዋት ከፊራ ገበያ ሄድን። ባለ ቅስት በሮቹን አልፋችሁ ስትገቡ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ ባንድ ጊዜ ይሰማችኋል፤ አንዷ ነጋዴ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ትለዋውጣቸዋለች። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛን፤ ልጆቹ ጣታቸው እስኪጣበቅ በሉ። ለቁርስ ግን ፈጢራ ብሉ፤ እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ፣ ማር ከላይ ፈሶበት፣ ትኩሱን።

ወንዶቹ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መኪናዋን አቁመን እንጠባት ብለው ነበር። ወንዙ ደረቅ ነው፤ ሜዳ ይመስላል። ሽማግሌው ቆጣ አሉ። ዝናቡ የሚዘንበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው፤ ከተማው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት መጥቶ ብዙ ሰው የወሰደው ይኸው ወንዝ ነው። ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። መኪናችሁን እዚያ እንዳታቆሙ፣ ለአምስት ደቂቃም።

ከመውጣታችን በፊት እናቴን ጣቢያው ወሰድናት። የዛሬው የጅቡቲ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ውጭ ባለው አዲሱ ጣቢያ ነው። አሮጌው ጸጥ ብሏል። አጥሩን ይዛ ቆየች። «እዚህ ጋ ብርቱካን ይሸጡልን ነበር» አለች፣ በእጇ እያሳየች።

ስንመለስም እዚያው ነው የምናድረው። ባለቤቴ ደውሎ ክፍል አልያዘም፤ ከዛፉ ሥር ሁለት አልጋ እንዲያወጡልን ነው የነገራቸው።