ለደሴ መንገድ የቱ ይሻላል፦ አስተን ማርቲን ወይስ ቤንትሊ?

ገንዘቡ ያለውም የሌለውም የሚከራከርበት ጉዳይ ነው። ግራንድ ቱሪንግ መኪኖች ሁለት ወገን ናቸው። አንዱ ወደ ስፖርት ያደላል፣ ሌላው ወደ ቅንጦት። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ረጅም መንገድ በፍጥነት ሄዶ ወገብ ሳይያዝ መውረድ።

መፈተኛው መንገድ ደግሞ እኛው ጋ አለ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሸዋሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ይወርዳል። ከኮምቦልቻ በኋላ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ወጥቶ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ደሴ ይገባል። ብሮሹር የሚደብቀውን ሁሉ ይህ መንገድ ያወጣዋል።

ከስፖርቱ ወገን አስተን ማርቲን ዲቢ11 ቪ8ን እንውሰድ፤ ከቅንጦቱ ሦስተኛውን ትውልድ ቤንትሊ ኮንቲኔንታል ጂቲ ቪ8ን። ቪ8 ማለት ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነው። ወረቀት ላይ ወንድማማች ይመስላሉ። ሁለቱም 4 ሊትር ባለ ሁለት ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ሞተር አላቸው። የአስተኑ 510፣ የቤንትሊው 550 የፈረስ ጉልበት ነው። ከዜሮ 100 ለመድረስ ሁለቱም 4 ሰከንድ ገደማ ይበቃቸዋል። ስለዚህ የፍጥነቱን ክርክር እዚህ ላይ እንዝጋው።

የሚለያቸው ክብደት ነው። አስተኑ 1,760 ኪሎ ገደማ ሲሆን ቤንትሊው ከ2,100 ያልፋል። አስተኑ ላይ አራት ኩንታል ጤፍ እንደ መጫን ማለት ነው። ሐረጎ ላይ ይሄ ወዲያው ይታወቃል። የአስተኑ ሞተር ከፊት ቢሆንም ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ካምቢዮው ደግሞ ኋላ ነው ያለው። ክብደቱ ስለተከፋፈለ መሪውን ስታዞሩ አፍንጫው ሳያቅማማ ኩርባው ውስጥ ይገባል። ከአንዱ ኩርባ ወጥቶ ሌላው ሲጀምር መኪናው ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። መንዳት የሚወድ ሰው ኮምቦልቻ ተመልሶ እንደገና መውጣት ያምረዋል።

ቤንትሊው ሌላ ዘዴ አለው። የአየር ሞላው ጉድጓዱን ውጦ ያልፋል። በ48 ቮልት የሚሠራው ሲስተም ከተገጠመለት ደግሞ ኩርባ ላይ እንዳያጋድል ይይዘዋል። የሚገፋው በአራቱም ጎማ ነው፤ አስተኑ በኋላ እግሩ ብቻ። በጋ ላይ ይሄ ብዙም አይሰማም። ክረምት ላይ ጣርማበር በጉም ሲሸፈን፣ አስፋልቱ ሲረጥብ፣ ከፊት አንድ ተሳቢ ሲያቃስት ግን አራቱ ጎማ ነፍስ ነው። ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ግን ያው ክብደቱ ፍሬኑ ላይ ይመጣል። በማርሽ ይዞ መውረድ የማያውቅ ሹፌር ቤንትሊ ባይይዝ ይሻላል።

ውስጥ ሲገባ ነገሩ አያከራክርም። የሚገለበጠው ስክሪን የተገጠመለት ቤንትሊ ሞተሩ ሲጠፋ ስክሪኑ ዞሮ እንጨት ይሆናል። ቁልፍ ስትጫኑ ሦስት ባለ ቀስት ሰዓቶች ይመጣሉ። ዝም ብሎ የሚያስገለብጥ ሰው አይጠፋም፤ እኔም አልፈርድበትም። የአስተኑ ቆዳ ያምራል፣ የሞተሩም ድምፅ ደስ ይላል። ስክሪኑ ግን ከመርሴዲስ የመጣና ዘመን ያለፈበት ነው። ሞተሩም ከመርሴዲስ ኤኤምጂ ነው፤ በእሱ እንኳ ማንም አያማርርም።

የኋላ ወንበር ደግሞ አለ። የአስተኑ ለቦርሳ ነው። እናታችሁን ለአረፋ ወይም ለገና ይዛችሁ አገር ልትገቡ ከሆነ ፊት ትቀመጣለች፣ ወንድማችሁ በአውቶቡስ ይመጣል። በቤንትሊው ኋላም አዋቂ ሰው እስከ ሸዋሮቢት ይችለዋል። ከዚያ ወዲያ እግሩ ይጮሃል።

ሌክሰስ ኤልሲ 500ን የሚያነሳም አይጠፋም። ቆንጆ ነው፣ ብልሽትም አያበዛም። ባለ 5 ሊትር ሞተሩ ግን ተርቦ የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። 471 የነበረው የፈረስ ጉልበት ደሴ ሲደርስ ወደ 350 ይወርዳል። ተርቦ ያላቸው የሳሳውን አየር ጨምቀው ስለሚያስገቡ ብዙም አይጎዱም።

ጎማ ላይ አስተኑና ቤንትሊው አንድ ናቸው። ባለ 20 እና 21 ኢንች ቸርኬ፣ ስስ ጎማ፣ ቅያሪ የለም። ያላቸው ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና ፓምፕ ነው። ጎማው ጎኑ ከተቀደደ ደግሞ የከሚሴ ጎሚስታ የፈለገ ጎበዝ ቢሆን ምንም አያደርግላችሁም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እስካሁን ያልናቸውን የሚገዛው ወይ ውጭ የሚኖር የወሎ ልጅ ነው፣ ወይ አገር ውስጥ ከገባው ያገለገለ የሚያገኝ። አዲስ የሚያስገባ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ነው፤ እዚያም ያው ክርክር ይጠብቀዋል። ፖርሽ ታይካንና ኦዲ ኢ-ትሮን ጂቲ ከሥር አንድ ናቸው፤ የባትሪያቸው መሠረት፣ ባለ 800 ቮልት የኤሌክትሪክ ሲስተማቸውና ኋላ ያለው ባለ ሁለት ማርሽ ካምቢዮ ይመሳሰላል። ፖርሹ ጠንከር፣ መሪው ንቁ ተደርጎ ተቃኝቷል። ኦዲው ለስለስ ይላል። አራት በር ስላላቸው ወንድማችሁም አውቶቡስ አይጋፋም።

ኤሌክትሪክ ከፍታ አያውቅም፤ ደሴ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። 2,300 ኪሎ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ለማውጣት፣ ለዳገቱ ብቻ፣ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ሲወርድ ከዚህ ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ነገር ግን 400 ኪሎ ሜትር ከነዳገቱ በአንድ ሙሌት እሄዳለሁ ብሎ መነሳት ድፍረት ነው። መሃል ላይ የት እንደምትሞሉ ሳታረጋግጡ አትውጡ። ቤት ለመሙላት ስሪ ፌዝ መስመር ካስገባችሁ በ11 ኪሎዋት 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

የኔ ምርጫ? ሁለት ሆኖ ለሚጓዝና ሐረጎን ለሚወድ አስተኑን። ክረምት ከበጋ ለሚመላለስ ቤንትሊውን። አዲስ ለሚያስገባ ኦዲውን፣ ያውም በ19 ኢንች ቸርኬ። ባለ 21ዱ ፎቶ ላይ ያምራል፤ የኛ አስፋልት ግን ወፈር ያለ ጎማ ነው የሚፈልገው።