«የ3 ቀን ዋስትና» ተብለው ከሚሸጡ ዓሣዎች ተጠንቀቁ

በቤታችሁ የዓሣ ገንዳ ያላችሁ፣ በተለይም እንደ እኔ ኮዬ ፈጬን በመሰሉ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች የምትኖሩና ዓሣ እስከ ደጃፋችሁ ከሚያመጡ ሻጮች የምትገዙ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ እንድታነቡ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ኅዳር ከአንድ ሻጭ 12 ኒዮን ቴትራና 4 ኤንጅልፊሽ በ7,200 ብር ገዛሁ። (ኤንጅልፊሽ ሲያድግ ኒዮንን እንደሚበላ እንኳ አልነገረኝም።) ዓሣዎቹ በፌስታል ውኃ ውስጥ ሆነው ሲመጡ በሁለት ዓሣዎች ክንፍ ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስል ነጭ ነጥብ አይቼ ብጠይቀው፣ የመንገድ ድካም ነው ብሎ ካጣጣለው በኋላ፣ በ3 ቀን ውስጥ የሞተ ዓሣ ካለ እንደሚተካልኝ ቃል ገባ፤ በዚያውም ምንም ጽሑፍ የሌለበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ሰማያዊ ፈሳሽ በ900 ብር ሸጠልኝ። ፈሳሹን በነገረኝ መጠን ጨመርሁ። በሦስተኛው ቀን ነጥቦቹ ስለጠፉ ደውዬ አመሰገንሁት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። በ10ኛው ቀን ግን ሁለት ዓመት ያሳደግኋቸው ሞሊ የተባሉ ዓሣዎቼ ሳይቀሩ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ሰውነታቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሹ ጀመር። ስደውልለት ዋስትናው አልፏል አለኝ።

በሽታው በተለምዶ «ኢክ» የሚባለው ሲሆን፣ መንሥኤው ኢክትዮፍቲሪየስ ሙልቲፊሊስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ይህ ተሕዋስ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀምጦ ከተመገበ በኋላ በራሱ ጊዜ ዓሣውን ለቆ ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል፤ በዚያም ራሱን ጠቅልሎ በመቶዎች ይከፋፈላል፤ አዲሶቹም ወጥተው የሚያርፉበትን ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ስለዚህ ነጥቡ መድኃኒት ቢጨመርም ባይጨመርም የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ በእነዚያ ቀናት ገንዳው ጤነኛ ይመስላል፣ ሻጩም ሐኪም ይመስላል። መድኃኒት የሚገድለው በውኃው ውስጥ የሚዋኙትን ብቻ ነው። ይህ ዑደት በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሳምንት ያህል ይፈጃል፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይረዝማል። በኅዳር ሌሊት መብራት ሲጠፋ የውኃ ማሞቂያው (ሂተሩ) አብሮ በሚቆምበት በእኛ ሰፈር የ3 ቀን ዋስትና በሽታው ከመገለጡ በፊት ማለፉ አይቀርም።

የሻጩ ሁለተኛ ምክር ከፋርማሲ ቴትራሳይክሊን የተባለውን የባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቼ እንክብሉን ፈትቼ እንድጨምር ነበር። ይህን ከሌሎች ሻጮችም ሰምቻለሁና አትቀበሉት፤ የባክቴሪያ መድኃኒት ኢክን አይነካም፣ ይልቁንም በፊልተሩ (በውኃ ማጣሪያው) ውስጥ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨውን መርዛማ አሞኒያ የሚያጠሩትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል።

የቀሩትን ያተረፍሁት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ አድርሼ፣ በሊትር 1 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው ጨምሬ፣ በየሁለት ቀኑም ወለሉን በቱቦ እየሳብሁ ክሎሪኑ በወጣለት ውኃ በመተካት ነው፤ ነጥቦቹ ከጠፉም በኋላ ለ10 ቀናት አላቋረጥሁም። የሞቀ ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጠው ከፍታችን ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ፣ የአየር ፓምፑን ሳታጠናክሩ ሙቀት መጨመር ዓሣውን ማፈን ነው።

ከገዛኋቸው 16 ዓሣዎች 5 ብቻ ቀርተዋል። ገንዘቤን ለማስመለስ ስነሣ በእጄ ደረሰኝ አልነበረኝም፤ ነጋዴ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ቢደነግግም እኔ አልጠየቅሁም ነበር። እናንተ ግን ደረሰኝ ጠይቁ፤ ስሙ ያልተጻፈበት መድኃኒት አትግዙ፤ ዓሣውን በፌስታል ሳይሆን በሻጩ ገንዳ ውስጥ እያለ እዩት፤ ከመካከላቸው በአንዱ ላይ እንኳ ነጥብ ካያችሁ ከዚያ ውኃ ምንም አትውሰዱ፤ የገዛችሁትንም ሂተርና ፊልተር ባለው ሌላ ዕቃ ለ3 ሳምንት ለይታችሁ አቆዩት።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ከዚሁ ሻጭ ልትገዛ ስትደራደር ደርሼ ነበር፤ የሰጣት ዋስትና አሁንም 3 ቀን ነው።