ለዓይናፋሩ ቫዮሌት ጎቢ የገዛሁት የጨው መለኪያ፦ የእጅ ሪፍራክቶሜትር ከ8 ወር አገልግሎት በኋላ

ቫዮሌት ጎቢ መልኩ የሚያስፈራ፣ ጠባዩ ግን እጅግ ዓይናፋር የሆነ ዓሣ ነው። አፉ ሰፊ፣ ጥርሱ የሚታይ፣ ገላው እንደ እባብ የረዘመ ስለሆነ በገበያ «ድራጎን ጎቢ» እየተባለ ይጠራል፤ ይሁን እንጂ ዓይኖቹ ነጥብ የሚያህሉ በመሆናቸው አጥርቶ አያይም፣ የሚመገበውም ደቃቅ አልጌና በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። ተፈጥሯዊ መኖሪያው በአሜሪካ አህጉራት የአትላንቲክ ዳርቻ፣ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምሥራቅ ጀምሮ እስከ ብራዚል ድረስ፣ የወንዝ ውሃ ከባሕር ጋር በሚቀላቀልባቸው ጭቃማ ሥፍራዎች ነው። ስለዚህ በቤት ገንዳ ውስጥም ከፊል ጨዋማ ውሃ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጨው በሌለው ውሃ ተቀምጦ ስለሚሸጥ፣ ገዢው ጨው እንደሚያሻው ሳያውቅ ይዞት ይገባል፤ ዓሣውም በዝምታ እየከሳ ይሄዳል።

እኔ ጨው እንደሚያስፈልገው አውቄ ነበር የጀመርኩት፤ የተሳሳትኩት በመለኪያው ላይ ነው። መጀመሪያ የተጠቀምኩት ውሃ ሲሞላበት ክንዱ ከፍና ዝቅ የሚለውን የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ነበር። ክንዱ 1.006 ላይ ሲቆም (ቁጥሩ የውሃው እፍጋት ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ጨው ሲበዛ ከፍ ይላል) ውሃው ተስማሚ ነው ብዬ አምኜ ተቀመጥኩ፤ ዓሣው ግን ከመደበቂያ ቱቦው አልወጣ አለ። ዓይናፋርነት ጠባዩ ስለሆነ ቀን ቀን መደበቁ አላስጨነቀኝም፤ መብራት ጠፍቶ ምግብ ከተሰጠው በኋላም አለመንቀሳቀሱ ግን ልቤን አላሳረፈውም። ሪፍራክቶሜትሩን ገዝቼ ያንኑ ውሃ ስለካው የታየኝ 1.002 ነበር። ሃይድሮሜትሩን ጠጋ ብዬ ስመለከተው ምክንያቱን አገኘሁት፦ በክንዱ ላይ የተጣበቁ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ወደ ላይ እያነሡት፣ ጨው ከእውነቱ የበዛ አስመስለው ያሳዩኝ ነበር።

ሪፍራክቶሜትሩ ባትሪ አይፈልግም፤ አሠራሩም ብርሃን ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ሲያልፍ የበለጠ በመታጠፉ ላይ የተመሠረተ ነው። በጫፉ ባለው ሰያፍ መስታወት ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ይደረጋል፣ ክዳኑ አረፋ ሳያስቀር ይዘጋል፣ ከዚያ መሣሪያውን ወደ ብርሃን አዙሮ እንደ መነጽር ማየት ነው። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ሆኖ የሚታየው ክብ የሚከፈልበት መስመር ንባቡን ያሳያል፤ በአንድ በኩል አንጻራዊ እፍጋት፣ በሌላው በኩል የጨው መጠን «ከሺህ»፣ ማለትም ከሺህ ክፍል ውሃ ስንቱ ጨው እንደሆነ፣ ተጽፏል። የሙቀት ለውጥን በራሱ የሚያስተካክል ቢሆንም፣ የገንዳው ውሃ ሞቅ ያለ ስለሆነ ጠብታው ከመስታወቱ ጋር እኩል እስኪሆን ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይገባል። እኔ ከመለካቴ በፊት በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ዜሮ ላይ መቆሙን አረጋግጣለሁ፤ ከተዛባም ከላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በማዞር አስተካክላለሁ።

ጉድለቱን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እጄ ያለው ዓይነት ከ0 እስከ 100 ከሺህ የሚለካ በመሆኑ፣ ለጎቢ የሚያስፈልገው ከ7 እስከ 12 ያለው ክልል ከታች በኩል በጠባብ ቦታ ተጨናንቋል፤ 8ንና 9ን ለመለየት ዓይን ይደክማል። ሌላው፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ መስመራቸው የተሰላው ተራ ጨው ለሟሟበት ውሃ እንጂ ለባሕር ውሃ አይደለም። ይህ ልዩነት የባሕር ዓሣና ኮራል ለሚያረባ ሰው ከባድ ጉዳይ ስለሆነ በ35 ከሺህ ማመሳከሪያ ፈሳሽ ማስተካከል ይኖርበታል፤ ንባቡ ለዜሮ በሚቀርብበት በእኛ ውሃ ግን ስሕተቱ ከአንድ ጭረት በታች ስለሆነ ዲስቲልድ ውሃ ይበቃል። መስታወቱ ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ካልተጠረገ ጨው ይጋገርበታል። መሣሪያውንም እንዳለ ውሃ ውስጥ መንከር አይገባም፤ እኔ አንድ ጊዜ በቧንቧ ሥር አጥቤው ውሃ ወደ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ቀን ጭጋግ ለብሶ ቆይቷል።

ትክክለኛውን ንባብ ካገኘሁ በኋላ በየሳምንቱ ውሃ ስቀይር 0.002 ብቻ እየጨመርኩ በሦስት ሳምንት ውስጥ 1.008 ላይ አደረስኩት። ይህን ያህል መታገሥ ያስፈለገው ለዓሣው ብቻ ሳይሆን፣ በማጣሪያው ውስጥ አሞኒያን ለሚያስወግዱት ባክቴሪያዎችም ጭምር ነው። የተጠቀምኩት የገበታ ጨው ሳይሆን ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት፣ የውሃውንም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከፍ አድርጎ የሚያጸና የባሕር ጨው ነው፤ ሁልጊዜም በባልዲ አሟሙቼና ለክቼ እንጂ በቀጥታ ገንዳው ላይ በትኜ አላውቅም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ በደብዛዛ መብራት፣ ጎቢው ከቱቦው ግማሽ ገላውን አውጥቶ አየሁት። አፉን እንደ አካፋ ከፍቶ ደቃቁን አሸዋ ዛቀ፣ መንጋጋውን ጥቂት አላመጠ፣ ከዚያም አሸዋው በስንጥቡ በኩል እንደ ዱቄት እየተንጠባጠበ ወረደ። አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚሆን ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) በቀጭን ቱቦ አጠገቡ ስለቅለት ወደ ኋላ ሳይሸሽ ቆሞ ተመገበ። ቀን ቀን ዛሬም ይደበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማታ ማታ ምግብ ትቶ አያውቅም።

በዚህ ምክንያት ከፊል ጨዋማ ውሃ ለሚያዘጋጅ ሰው ሪፍራክቶሜትሩን ከማጣሪያው እኩል አስፈላጊ አድርጌ እመክራለሁ፤ የሚገኝ ከሆነም ክልሉ ጠበብ ያለውንና ለባሕር ውሃ የተሰላውን መምረጥ ይሻላል። በየሳምንቱ ከውሃ መቀየር በፊትና በኋላ እለካለሁ። ውሃ ሲተን ጨው ስለሚቀር፣ በመሐል የጎደለውን የምሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ መስመሩ ከ1.008 ከፍ ብሎ ባየሁባቸው ጥቂት ቀናትም ምክንያቱ ይህን መሙላት መዘግየቴ ነበር።