ከወፍራም አግዳሚ እንጨት የሠራሁት የአትክልት መደብ፦ ከወራት በኋላ

ዝናቡንም ፀሐዩንም አይቷልና አሁን ፍርዴን ልስጥ። ይሄ መደብ ወገቤን አሳርፎልኛል። ውሃ ግን ይጠጣል፣ ያውም በጣም።

እንጨቶቹ የሐዲድ አግዳሚ ቅርጽ ቢኖራቸውም ሐዲድ ሥር ገብተው የማያውቁ፣ አዲስ ናቸው። ርዝመታቸው 2.4 ሜትር፣ ስፋታቸው 20፣ ውፍረታቸው 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ስድስት በቅተውኛል፤ ሁለቱ እኩል ለሁለት ተቆርጠው ለአጭሩ ጎን ሆኑ። በጠባቡ ጎናቸው ቆመው ሁለት ድርብ ሲነባበሩ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይወጣቸዋል። የታችኛውን ድርብ በአንድ አቅጣጫ ዙሪያውን እያያያዛችሁ ዙሩ፤ የላይኛውን በተቃራኒው። ያኔ ማዕዘኑ እንደ ግንብ ጡብ ይቆላለፋል። ከዚያ ረጅም ቪቴ ነው የሚይዘው። የእኔ እስካሁን ንቅንቅ አላለም።

አሮጌ የባቡር አግዳሚ ይሻላል የሚል አይጠፋም። መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ግን ለሚበላ ነገር አይሁን! ብዙዎቹ ክሪዮሶት በሚባል ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ቅባት የተነከሩ ናቸው፤ ካንሰር አምጪ ነገር አለበት። ፀሐይ ሲያገኛቸው ጥቁር ላብ ያልባቸዋል፣ ይሸታሉ፣ ልብስ ከነካ አይለቅም። አዲሱንም ቢሆን ሻጩን በምን መድኃኒት እንደታከመ ጠይቁት። ከተንተባተበ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ያየኝ ሁሉ ስለ እንጨቱ ይጠይቀኛል። ጣጣው ያለው አፈሩ ላይ ነው። መደቡ አንድ ሜትር ኩብ ያህል አፈር ይውጣል፤ ይህ ከአንድ ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል። እስከ አፉ የሞላሁት ዛሬ አራት ጣት ያህል ወርዷል፤ ኮምፖስቱ እየበሰበሰ ሲሄድ መስጠሙ አይቀርም። ሲጎድል እጨምራለሁ።

ከመሬት ከፍ ያለ አፈር ቶሎ ይሞቃል፣ ውሃም አይተኛበትም። በዚያው ልክ ቶሎ ይደርቃል። በሐሩር ጊዜ ከላይ እርጥብ ይመስላል፤ ጣት ሲገባበት ግን ከሥር ዱቄት ነው። ድርቆሽ ከጎዘጎዝኩበት ወዲህ ተሻሽሏል። የውስጥ ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍኛለሁ፤ ወለሉን ግን ክፍት ተውኩት፣ ውሃው መውጫ፣ የምድር ትሉም መግቢያ ይፈልጋል።

እንጨቱ በቁመቱ ተሰነጣጥቋል። ይሄ ሲደርቅ የሚመጣ ጠባይ ስለሆነ አያሳስበኝም። ካሮትና ሰላጣ ደልቷቸዋል፤ ካሮቱ ድንጋይ ስለማያገኘው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሦስተኛ ድርብ ልጨምር ወይ? አልጨምርም። ለእነዚህ ሥሮች 40 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ያንን ሁሉ አፈር እንደገና የሚያመላልስ ጉልበትም የለኝም።