ለደሴው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና፣ የልብ ሕመምተኛ አረጋዊ በቤቱ ላለው ሁሉ ጥቆማ

አባታችን የልባቸው ደም ሥር ተዘግቶባቸው ታክመው ከሆስፒታል ሲወጡ፣ ሊጠይቅ የመጣው ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ከአልጋ እንዳይወርዱ ይመክር ነበር። ይህን ፍርሃት በትዕግሥት ያስወገደልን፣ እዚሁ ደሴ ቤት ለቤት እየሄደ የሚሠራ አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ስሙን እንዳንጠራ ስለለመነን ልመናውን አክብረን ሥራውን ብቻ እንናገራለን።

አስቀድሞ የልብ ሐኪማቸው እንቅስቃሴ መፍቀዱን አረጋገጠ፤ ቀጥሎም በደልዳላ ቦታ በ6 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚራመዱ ለካ፤ የደም ግፊታቸውንም ከእርምጃው በፊትና በኋላ መዘገበ። ከሁሉ የወደድነው ግን ድካማቸውን የሚመዝንበትን መንገድ ነው። አባታችን የሚወስዱት ቤታ ብሎከር የሚባለው መድኃኒት የልብ ምትን ዝቅ አድርጎ ስለሚይዝ፣ የልብ ምት በመቁጠር ብቻ መተማመን እንደሚያሳስት አስረድቶን፣ እያራመደ ጨዋታ ያስጀምራቸዋል። ትንፋሽ ሳያጥራቸው ካወሩ ይቀጥላሉ፤ ቃላቱ መቆራረጥ ከጀመሩ እርምጃውን ያቀዘቅዛል። ጨዋታ የሚወዱ ሰው በመሆናቸው ይህኛው ሕክምና ከኪኒኑ ይልቅ ተስማምቷቸዋል።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት እንደመሆኗ፣ መስጊድ ደርሶ መመለስ ለእሳቸው ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ባለሙያው የማለዳው ብርድ ልብን እንደሚያስጨንቅ ነግሮን፣ ፀሐይ ስትሞቅ ከሜዳ ጀምሮ አጫጭር ዳገቶችን በየጥቂቱ ጨመረላቸው። የግፊት መድኃኒቱ ከሱጁድ ፈጥነው ሲነሡ ሊያዞራቸው ስለሚችል፣ መጀመሪያ በወንበር ላይ ሆነው እንዲሰግዱ፣ በኋላም ቀስ ብለው እንዲነሡ በአክብሮት አስለመዳቸው። ደረታቸውን ከተጫናቸው፣ ካዞራቸው ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቃቸው ወዲያው እንዲያቆሙ፣ ሕመሙ ካልተወም ጊዜ ሳናጠፋ ወደ ሆስፒታል እንድንወስዳቸው ለቤተሰቡ በሙሉ አስተምሯል።

ክፍያው ርካሽ ነው አንልም። ሆኖም እህታችን እንቅስቃሴውን ማሠራት ስትለምድ፣ የእሱ መምጣት እንዲቀንስ ሐሳቡን ያቀረበው ራሱ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ብዙ አላየንም። አባታችን ዱዓ ሲያደርጉ ከልጆቻቸው እኩል ያነሡታል።

አድራሻውን የምትፈልጉ በግል ጠይቁን። ከመደወላችሁ በፊት የሐኪም ማስረጃውንና የመድኃኒቶቹን ዝርዝር አዘጋጁ፤ እነዚህን ሳያይ ሥራ አይጀምርም።